ጫፉ የታጠፈው ፕሮፔለር

ጥቅምት 14

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለአሳንሰር ጠጋኙ፤

እንዴት ከረምክ? ባለቤትህስ? የእኔዋ ሚጢጢስ አላስቸገረቻችሁም? ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባችልኝ ብዬ ሸኝቼ እናንተ ላይ ከጣልኳት ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ ለምን አታነሺም ላልከው መልሱ ያው ነው። የመጋዝ ማሽኑ ሃያ ስድስት ዓመት ሲጮህብኝ ኖሮ የቀኙ ጆሮዬ ጨርሶ ተዘጋ፣ ግራውም ሰው አጠገቤ ቆሞ ካልጮኸ አይሰማኝም። ስልክ ይዤ «እህ? እህ?» ስል ከምውል ጻፍልኝ። የጭነት መኪናው ሾፌር በየሳምንቱ ይመላለሳል፣ አደራም አይበላም።

ለመዘግየቴ ይቅርታ አድርግልኝ። አልታመምኩም። ላንተ ያስቀመጥኩትንም ጣውላ እንዳንተው አውሮፕላን ለሚሠራው ለጥርስ ሐኪሙ አልሰጠሁም፤ ማን እንዲህ ብሎ እንደነገረህ ባውቅ ደስ ይለኛል።

የአውሮፕላንህ ፕሮፔለር ሣጥኑ ውስጥ አለልህ። ሰባት ጣውላ ደራርቤ፣ በማጣበቂያ አጣብቄ፣ አሥር ቀን በሞርሳ ጠርንፌ ያቆየሁት ነው። እንደጠየቅኸኝ ሁለቱን ጫፎች እንደ ማጭድ ወደ ኋላ አጥፌአቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ሠርቼ አላውቅም፣ ሙከራ ነው። አንድ ነገር ልብ በል። የታጠፉት ጫፎች ንፋስ ሲይዛቸው ትንሽ ላላ ብለው ይጠማዘዛሉ፤ ስለዚህ ቆሞ ሳለ በማዕዘን መለኪያ ለክተህ እንዳትጨቃጨቀኝ። ቆሞ የሚለካው ሌላ ነው፣ አየር ላይ የሚሆነው ሌላ።

የድሮው፣ ቀጥ ያለው ፕሮፔለርህ እዚሁ እኔ ጋ ይቆይ። ለጥገና ብለህ ስትልከው ያላየኸው ስንጥቅ አግኝቼበታለሁ፣ አላማረኝም።

ለባለቤትህ ደብዳቤዋ ደርሶኛል በልልኝ። ስለ መጋረጃው ስፌት ነው፣ እሷ ታውቀዋለች።

እህትህ


ኅዳር 2

ይድረስ ለእትዬ፤

ሰላምታዬ ቢያጥር አትቀየሚኝ፤ እጄ ቅባት ነው፣ ወረቀቱንም እያበላሸሁት ነው። ሁላችንም ደህና ነን። ሚጢጢ የቅየሳ ትምህርቷን ይዛ ደፋ ቀና ትላለች፤ እንደ ድመት ስትገባና ስትወጣ አትሰማም።

ሣጥኑን ሦስታችንም ሆነን ከፈትነው። እንዲህ ያለ ነገር ከእጅሽ ወጥቶ አያውቅም። ባለቤቴ እንኳ፣ አውሮፕላኑ ጋራዡን ስለያዘባት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያኮረፈችው ሴትዮ፣ ጠጋ ብላ ቫርኒሹን ዳበሰችው። «የፕሮፔለር እርምጃ የምትሉት ነገር ምንድን ነው?» ብላም ጠየቀችኝ። ብሎን እንጨት ውስጥ አንዴ ሲዞር ስንት እንደሚገባ አስቢ፣ ፕሮፔለርም አየር ውስጥ እንደዚያው ነው፣ አንዴ ሲዞር ወደፊት የሚሄደው ርቀት እርምጃው ይባላል አልኳት። እርምጃው ካጠረ ሞተሩ በከንቱ ይጮሃል። ከረዘመ ደግሞ በከባድ ማርሽ ዳገት እንደሚወጣ ብስክሌተኛ ይጨነቃል።

ሞተሩ ተጨነቀ እትዬ። በድሮው ፕሮፔለር በደቂቃ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዙር ይዞር የነበረው አሁን ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ላይ ይቆማል። ጅራቱን በገመድ ከግንድ ጋር አስሬ፣ መሃሉ ላይ ጆንያ የሚመዘንበትን ሚዛን አንጠልጥዬ የሚስበውን ለካሁት። መቶ ሃምሳ ኪሎ ይስብ የነበረው መቶ አሥራ አምስት ሆኗል። ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ባለው ሜዳ አምስት ጊዜ ሮጥኩበት። ሰባት መቶውን ሜትር ጨርሼ ዛፎቹ ጋ ስደርስ ጎማው ገና ከመሬት አልተላቀቀም። አምስቱንም ጊዜ በእጄ እየገፋሁ መለስኩት፣ የፋብሪካው ሠራተኞች አጥር ላይ ተደርድረው ሲያዩኝ።

ሾፌሩ ሌላም ነገር ነግሮኛል። የጥርስ ሐኪሙ አንቺ በሠራሽለት ፕሮፔለር ሁለት መቶ ሜትር ሳይሞላ ብድግ አለ አሉ። ደስ ይበለው። እኔ ግን ወንድምሽ ነኝ።

ባለቤቴን ስለ ስፌቱ ብነግራት መጀመሪያ «የምን ስፌት?» አለች፤ ቆየት ብላ «አዎ፣ የመጋረጃው» አለች። ይህች ሴት መርፌ ስትይዝ አይቻት አላውቅም። በመሃላችሁ ያለው ምንድን ነው?

ወንድምሽ


ኅዳር 11

ይድረስ ለወንድሜ፤

በሰላምታው ማጠር አልተቀየምኩም። የተቀየምኩት «እኔ ግን ወንድምሽ ነኝ» ያልካት ላይ ነው። ወንድሜ ባትሆን ይህ ሁሉ ጣጣ ውስጥ እገባ ነበር?

የጥርስ ሐኪሙ የያዘው ቀጥ ያለውን ዓይነት ነው፣ ካንተ የድሮው ጋር አንድ። እሱ ደግሞ ከነጫማው ስልሳ ኪሎ አይሞላም፣ ጠንከር ያለ ንፋስ ቢመጣ ያለ ፕሮፔለርም ይነሣል። አንተ ግን ባለፈው ስትመጣ ወንበሬን ምን እንዳደረግከው አልረሳሁም። ዘጠና ሁለት ኪሎ ነኝ ያልከኝ አንተው ነህ፤ ከዚያ ወዲህ ከሳሁ ብትለኝ አላምንህም።

ሞተሩን ፈትሸው። ካንዴላዎቹን ቀይር፣ ካርቡሬተሩን አጽዳ፣ የነዳጁን ማጣሪያም እየው። ደግሞስ ችኮላው ምንድን ነው? ዘጠኝ ዓመት የቆየ ነገር አንድ ዓመት ቢጨመርበት ምን ይሆናል? እግረ መንገድህን ሐኪም ቤት ገብተህ አጠቃላይ ምርመራ ብታደርግም አይከፋም። ሰው ሃምሳ ሲሞላው ያደርገዋል ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የድሮውን መልሺልኝ ልትለኝ እንደሆነ፣ አልመልስም። ስንጥቁ ቀልድ አይደለም።

መጋረጃው የሳሎኑ ነው። ሴቶች የሚጻጻፉት ሁሉ ለአሳንሰር ጠጋኝ ሪፖርት አይደረግም።

እህትህ


ኅዳር 25

ይድረስ ለእትዬ፤

የምን ሐኪም ቤት? ማን ምን አለሽ? እኔ እንደ ብረት ነኝ።

ሞተሩን እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈታሁት። ካንዴላውም፣ ካርቡሬተሩም፣ ማጣሪያውም ምንም አላገኘሁባቸውም። መልሼ ገጠምኩት፤ ያው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ። ስለዚህ የከለከልሽኝን አደረግኩ። ከሚጢጢ ማዕዘን መለኪያዋን ተዋስኩና ፕሮፔለሩን ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ ከእምብርቱ እስከ ጫፉ በየስንዝሩ ለካሁት። እምብርቱ ላይ በራስሽ እጅ የመታሽው ቁጥር እርምጃው መቶ አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው ይላል። እኔ ያገኘሁት መቶ አርባ ሁለት ነው። ጫፉ ላይ ብቻ ቢሆን መጠማዘዙ ነው ብዬ እተወው ነበር፤ እምብርቱ አጠገብም ያው ነው።

አንቺ ግማሽ ሳንቲ ስትስቺ አይቼ አላውቅም። እንግዲህ የቀረው ሣጥን ተቀያይሯል ማለት ነው። ትልቅ ሞተር ላለው ለሌላ ሰው የሠራሽው እኔ ጋ መጥቷል፣ የእኔ ደግሞ የሌላ ሰው አውሮፕላን አፍንጫ ላይ ሆኖ እየበረረ ነው። ስሕተት ከሆነ ንገሪኝ፣ ተሳስቀን እናልፈዋለን። ስሕተት ካልሆነም ንገሪኝ።

አንድ ነገር ብቻ ገርሞኛል። ስለካ ሚጢጢ አጠገቤ ቆማ ነበር፣ ግን አንድ ቃል አልወጣትም። ሌላ ጊዜ እኔ ሚስማር ስመታ እንኳ አስተያየት የምትሰጥ ልጅ ናት።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 3

ይድረስ ለወንድሜ፤

ይኸው ሌባም አደረግከኝ። ሣጥን አልተቀያየረም። የእጄን ሥራ እኔ አውቀዋለሁ፣ የተላከልህ ላንተ የተሠራው ነው።

አትለካ ያልኩህን ለክተህ ያልኩህን ነገር አገኘህ። አሁን አንዴ በደንብ ልንገርህና ይብቃን። በፕሮፔለር ላይ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ጫፉ ነው፣ እምብርቱ አጠገብ ያለው ሲዞር ከመዋል በቀር ብዙ ፋይዳ የለውም። የታጠፈው ጫፍ ፍጥነት ሲያገኝ ይላላል፣ ሲላላ ያን ሠላሳ ሳንቲ ይመልሰዋል። ለዚህ ነው አስረዝሜ የጠረብኩት። መሬት ላይ ይከብዳል፣ አየር ላይ ይቀልላል። ይህን ለሚጢጢም አንብብላት። መራመድ የጀመረችው የእኔ ወርክሾፕ ውስጥ የእንጨት ፍቅፋቂ እየረገጠች ነው፣ በእንጨት ነገር ካንተ ትሻላለች።

እሷን ካነሣን አይቀር፣ ልጄ ምን እየሆነች ነው? ደብዳቤዎቿ ከመዳፍ አይበልጡም። «ደህና ነኝ፣ ፈተና ደርሷል፣ እወድሻለሁ»፣ በቃ። ባለፈው የቆዳ ጓንት ግዢልኝ አለችኝ፣ ገዛሁላት። ቀጥላ እንጨት ስሰነጥቅ የማደርገውን የድሮ መነጽሬን ላኪልኝ አለች፤ በሾፌሩ ላክሁላት። ከላክሁት በኋላ ነው ያሰብኩት። ቅየሳ የምትማር ልጅ ዓይንዋን የምትከልለው ከምንድን ነው?

አንተ የምታውቀው ነገር ካለ እኔ ሳልጠይቅህ ብትነግረኝ ይሻልሃል።

እህትህ


ታኅሣሥ 20

ይድረስ ለእትዬ፤

ይቅርታ አድርጊልኝ። ያን ሁሉ የጻፍኩትን ቅደጂው።

ተነሥቷል። ባለፈው ቅዳሜ ጧት ንፋስ በሌለበት አራት መቶ ሠላሳ ሜትር ሮጦ ከመሬት ለቀቀ። ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ አራት እስኪቆጠር ድረስ አየር ላይ ቆይቶ፣ እዚያው ሜዳ ላይ ወርዶ ዛፎቹ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ዘጠኝ ዓመት ለአራት ቁጥር። አለቀስኩ ብልሽ አትሳቂብኝ፣ የፋብሪካው ሰዎችም አጥሩ ላይ ሆነው ሲያጨበጭቡ ነበር። ማታ ባለቤቴ እራት ላይ ኩርፊያዋን ተወች፤ ግማሹን ብቻ ነው የተወችው፣ ግማሹን ለሌላ ቀን አስቀምጣዋለች።

የጫፉን ነገር እንዳልሽኝ ለሚጢጢ አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝና «አሁን ገባኝ» አለች። ለእኔ ግን አሁንም በደንብ አልገባኝም፣ ብቻ አምኛችኋለሁ።

ስለ መነጽሩ ለጠየቅሽው፣ ለመስክ ሥራ ነው። ቅየሳ ሲወጡ መንገዱ አቧራ ነው ብላኛለች። ለሌላ ለምን ይሆናል?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 27

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንኳን ደስ አለህ ብዬ ልጀምር ነበር፣ ብዕሩ አልታዘዘኝም።

አራት መቶ ሠላሳ ሜትር ነው ያልከኝ። ንፋስ የለም ብለሃል። ሞተሩ የሚስበው መቶ አሥራ አምስት ኪሎ እንደሆነ በራስህ ሚዛን ለክተህ ጽፈህልኛል። አውሮፕላኑ ባዶውን ሁለት መቶ ሃምሳ ነው። ሒሳቡን ሦስት ጊዜ ሠራሁት፣ ሦስቱንም ጊዜ ያው ወጣ። አንተ ተቀምጠህበት ቢሆን ዛፎቹ ሥር ነበር የሚቆመው። ከሃምሳ ኪሎ ብዙም የማይበልጥ ሰው ነው ወንበሩ ላይ የነበረው።

ማን ነበር የተቀመጠው?

እህትህ


ጥር 5

ይድረስ ለእትዬ፤

ከሰላምታ በፊት መርማሪ ሆነሽ መጣሽብኝ። እሺ፣ ልመልስልሽ። ከስቻለሁ። እራት ትቻለሁ፣ ደረጃም በእግሬ ነው የምወጣው፣ አሳንሰር ጠጋኝ ሆኜ ሰዉ እስኪስቅብኝ ድረስ። ከአውሮፕላኑም ባትሪውን አውርጃለሁ፣ የወንበሩን ስፖንጅ አውጥቻለሁ፣ ነዳጁንም ለአሥር ደቂቃ የሚሆን ብቻ ነው የሞላሁት። እነዚህን ሁሉ ደምሪያቸውና ሒሳብሽን እንደገና ሥሪው።

አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው። ሥራዬ ክብደት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንት ሰው ቢገባበት አሳንሰሩ እንደማይነሣ ስወስን ኖሬአለሁ። ያንን ቁጥር የማውቀው እንዲቆም ያደረግኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። አንቺ ደግሞ እዚያ ሆነሽ፣ አውሮፕላኑን በዓይንሽ ሳታዪ፣ እኔን እንደማያነሣኝ እርግጠኛ ነሽ። ይህን ያህል እርግጠኛ የሚሆን እንዳይነሣ አድርጎ የሠራው ሰው ብቻ ነው። ሠላሳው ሳንቲ አልረሳኝም እትዬ። እስቲ እውነቱን ንገሪኝ።

ለማንኛውም ጥር 13 ቅዳሜ ዛፎቹን አልፎ፣ ከፋብሪካው በላይ አንዴ ዞሮ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የምንጨቃጨቅበት ነገር አይኖርም።

ወንድምሽ


ጥር 9

ወንድሜ፤

ጊዜ ስለሌለኝ ሰላምታ አልጽፍም።

እንዳልከው ነው። እንዳይነሣ አድርጌ የጠረብኩት እኔ ነኝ። ሞተርህ ጤነኛ ነው። መቶ አሥራ ሁለት ብዬ ቁጥሩን መታሁና መቶ አርባ ሁለት አድርጌ ጠረብኩት። በዕድሜዬ እንጨት ላይ የሐሰት ቁጥር ስመታ የመጀመሪያዬ ነው።

ባለቤትህ የጻፈችልኝ ስለ መጋረጃ አይደለም። መስከረም ላይ ሁለት ጊዜ ራስህን ስተህ ወድቀሃል፤ አንዴ ወጥ ቤት ውስጥ፣ አንዴ የአሳንሰሩ ጉድጓድ አፍ ላይ። ባልደረባህ ቀበቶህን ባይዝ ኖሮ ዛሬ የምጽፍለት ወንድም አልነበረኝም። ሐኪም ጋ አልሄድም እንዳልካት፣ ለማንም እንዳትናገር እንዳስማልካትም ጽፋልኛለች። አትቆጣት፣ ብቻዋን ስትሸከመው ከብዷት ነው። ተው ብልህ መቼ ሰምተኸኝ ታውቃለህ? ስለዚህ የጠየቅኸኝን የታጠፈ ጫፍ ሠራሁልህ፣ በመልኩ ተደስተህ ዓመቱን ከሞተርህ ጋር ስትታገል እንድትከርም። የድሮውም ስንጥቅ የለበትም። ዘጠና ሁለት ኪሎ እንዳያነሣ ብዬ አሰላሁ። ሌላ ሰው ይቀመጥበታል ብዬ ግን አላሰብኩም።

አሁን እዚያ ወንበር ላይ የምትቀመጠው ልጄ ናት። አዎ በለኝ አላልኩህም። መነጽሬን የላክሁላት እኔው ነኝ።

ይህን በደንብ አንብበው። ስለ ጫፉ የጻፍኩልህ ሁሉ ውሸት ነው። ጫፉ አይላላም። ሰባት ጣውላ ተጣብቆ ድንጋይ ማለት ነው። መሬት ላይ እንደሚከብድ አየር ላይም ያው ይከብዳል። ሜዳው ላይ ብድግ ብሎ ይወርድላታል፣ ዛፎቹን ግን አያልፍላትም። አውርዳት። ፕሮፔለሩን ፍታና በመጋዝ ለሁለት ቁረጠው።

ጎረቤቴ፣ ባለ መድኃኒት ቤቷ፣ ዛሬ አራት ጊዜ ደውላልኛለች። የሚያነሣ የለም። እስከ ዓርብ ድረስ መደወሏን አታቆምም። ሾፌሩንም ነገ በጧት እንዲነሣ ለምኜዋለሁ፣ ይህን በእጅህ ሳይሰጥህ እንዳይመለስ።

እህትህ


ጥር 17

ይድረስ ለእትዬ፤

ከሁሉ በፊት ይህን አንብቢ፤ በሕይወት አለች። የግራ እጇ አንጓና የትከሻዋ አጥንት ተሰብሯል። ዛሬ ከሐኪም ቤት ወጥታ አልጋዋ ላይ ናት፣ ትበላለች፣ ትነጫነጫለችም።

ደብዳቤሽ ሰኞ ነው የደረሰኝ። መኪናው ተበላሽቶ መንገድ ላይ ሦስት ቀን ቆሞ ነበር፤ ሾፌሩ እግሬ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እሱ ምን አጠፋ? ስልኩን ነቅዬው የነበርኩት እኔ ነኝ። አንድ ሰው ደውሎልሽ ስለ ሚጢጢ እንዲጠይቀኝ አልፈለግኩም። ባነሣው ኖሮ ልዋሽ ነበር፣ እንዳልዋሽ ብዬ ነቀልኩት። ይህን ነገር መቼም አልረሳውም።

የደበቅኩሽን ልንገርሽ። ሚጢጢ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከበረራ ክለቡ አሠልጣኝ ጋር ስትማር ነበር፤ ብቻዋን እንድትነሣም ፈቅዶላታል። አንቺ እንዳታውቂ አስምላኛለች። ታኅሣሥ ላይ እኔን አላነሣ ሲል «እኔ ቀላል ነኝ፣ እስቲ ልሞክረው» አለችኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ነገር መሬት ላይ ሲቀር ማየት አቃተኝና እሺ አልኩ። ስለ መክሳቴም የጻፍኩልሽ ውሸት ነው፤ ዘጠና ሦስት ገብቻለሁ።

ስለ ቅዳሜ ብዙ አልጽፍልሽም። ዛፎቹን አላለፈችም። መጨረሻ ላይ ሞተሩን አጥፍታ በስተግራ ባለው የታረሰ መሬት ላይ ጣለችው። አሠልጣኙ «ሌላ ሰው ቢሆን ዛፍ ላይ ነበር የምንለቅመው» ብሎኛል። ፕሮፔለሩ አንቺ ቁረጠው ሳትዪኝ ራሱ ለሁለት ሆኗል።

ትናንት ደብዳቤሽን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አነበብኩላት። እንዳይነሣ አድርገሽ እንደጠረብሽው ስነግራት አልደነገጠችም። «እሱንማ ሣጥኑ የተከፈተ ቀን ነው ያወቅኩት» አለችኝ። «መዳፌን አሳረፍኩበት፣ እርምጃው ረዝሟል። እናቴ ደግሞ ሳታውቅ አትስትም። ለምን እንዳደረገችውም ገብቶኛል። ወጥ ቤት ስትወድቅ ያነሣሁህ እኔ ነኝ እኮ።» ለዚህ ነው ስለካ አጠገቤ ቆማ ዝም ያለችው። እኔ እንዳልነሣ ካንቺ ጋር ሳትነጋገር አብራሽ ነበረች።

ታዲያ እያወቅሽ ወደ ዛፎቹ ለምን ሄድሽ ብዬ ጠየቅኋት። ያቺን የታኅሣሥ ደብዳቤሽን አነሣችልኝ፣ ለሚጢጢም አንብብላት ያልሽኝን። መሬት ላይ ይከብዳል፣ አየር ላይ ይቀልላል የሚለውን። «እናቴ አንተን ለማዳን ልትዋሽ ትችላለች» አለች፣ «ስለ እንጨት ግን አትዋሽም ብዬ ነው።» ከዚያ ጫፉ አይላላም፣ ድንጋይ ማለት ነው የሚለው ጋ ስደርስ አስቆመችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አልተቆጣሁሽም ልልሽ ፈልጌ ነበር፣ ግን ተቆጥቻለሁ። በራሴም ተቆጥቻለሁ። ትናንት ሐኪም ጋ ሄጄ ልቤን አሳየሁ፣ መድኃኒት ጀምሬአለሁ፣ እዚያ ወንበር ላይ ከእንግዲህ አልቀመጥም። እሷ ግን አጥንቴ ሲገጥም እነሣለሁ ብላለች። አውሮፕላኑን ለመጠገን አምስት ወር ይበቃኛል። እናትሽ ፕሮፔለር ባትሠራልሽስ ስላት፣ ያገኘሁትን ገጥሜ እበራለሁ አለችኝ። የምትቀልድ አልመሰለኝም።

ወንድምሽ


ጥር 22

ይድረስ ለወንድሜ፤

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ጀምሮ መጋዙን አላስነሣሁትም። በሕይወት አለች የሚለውን ቁጭ ብዬ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርህም። ባለቤትህን ሳምልኝ፣ አሁን የምትደብቀው ነገር ስለሌለ እፎይ ትበል። አንተም መድኃኒትህን በሰዓቱ ዋጥ።

አትብረሪ ብዬ ልጽፍላት ሦስት ወረቀት ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩ። ከእንግዲህ ምን ብዬ ብጽፍላት ታምነኛለች? እውነት እንኳ ብነግራት መዳፏን ሳታሳርፍበት አትቀበለኝም፣ አልፈርድባትም። ይህን አንዷን ብቻ አንብብላት፦ ልጄ፣ ስለ እንጨት ዋሽቼሻለሁ። ለወንድሜ ብዬ ነው፣ የወደቅሽው ግን አንቺ ነሽ።

ያገኘችውን ገጥማ ከምትበር እኔ የሠራሁትን ገጥማ ብትበር ይሻለኛል። ፈርቼ ነው እንጂ ፈቅጄ አይደለም፣ ይህንንም ንገራት። ሰባት ጣውላ መርጬ ትናንት አጣብቄአለሁ። ቀጥ ያለ ነው፣ የታጠፈ ነገር አይኖረውም።

ግን እዚህ አልጠርበውም። ማጣበቂያው እንደደረቀ ጣውላውን እንዳለ፣ መላጊያዬንና ሞረዴን ጨምሬ ሾፌሩ አጠገብ ተቀምጬ እመጣለሁ። ጋራዥህ ውስጥ ጠረጴዛ አጽዳልኝ፣ ለእሷም አጠገቡ ወንበር አስቀምጥላት። አንድ እጅ አላት፣ ለመለኪያው አንድ እጅ ይበቃል። እያየችኝ እጠርባለሁ፤ እሷ ለክታ ልክ ነው ሳትለኝ ወደሚቀጥለው ስንዝር አላልፍም።

እህትህ